አልጠፋም ያለኝ ቪዲዮ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ከዒድ በኋላ ባለው ሰሞን ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ስላሳፈረኝ ነው ብል አልዋሸሁም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት። ሌላውን ግማሽ ለመናገር ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ቆርቆሮና ሚስማር የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። መኖሪያዬ ቤቴል ነው። ከደንበኛ ጋር ቀኑን ሙሉ ስከራከር ብውል አይደክመኝም። ሰው ተሰብስቦ "እስቲ አንተ ተናገር" ከተባልኩ ግን ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ይጣበቃል። አንዴ በዕድር ስም የሟችን ቤተሰብ እንዳጽናና ተመርጬ ተነሳሁና "እንኳን ደስ ያላችሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ራህማ ይህችን ታሪክ ያልነገረችው ዘመድ ያለን አይመስለኝም።

ታዲያ ነቢል ላግባ ሲል ዋና ተናጋሪ ሆነህ ሽምግልና ሂድ የተባልኩት እኔው ነኝ።

ነቢል የታላቅ ወንድሜ ልጅ ነው። እናቱ በወሊድ አለፈች፤ ወንድሜም ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ ተከተላት። እኔና ራህማን አላህ በልጅ አልባረከንም ነበርና ልጃችን እሱ ሆነ። እኔን "ጋሼ" ይለኛል። አሁን ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ሙሉ ሰው ሆኗል።

የወደዳት ልጅ ሰሚራ ትባላለች። እሷ ምንም እንከን አይወጣላትም። የሚያስፈሩት አባቷ ናቸው። ሀጂ ሸምሱ ዓለም ባንክ አካባቢ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከእኛ በፊት የመጡትን ሽማግሌዎች ሁሉ ሻይ አጠጥተው፣ እሺ ሳይሏቸው፣ በክብር እንደሸኟቸው ሰምተናል። ሰው ሲያናግራቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ ያደርጉና "እህም! ቀጥል" ይላሉ። ከዚያች "እህም" በኋላ የሚቀጥል ሰው ግን ብዙ አይገኝም።

"ጋሼ፣ ተለማመድ" አለኝ ነቢል። "ኮምፒውተሩ ካሜራ አለው። ራስህን ቅረጽና የት የት ላይ እንደምትሳሳት እየው።"

ኮምፒውተሩ ነቢል ተማሪ ሳለ የገዛንለት ነው። ከመኝታ ቤታችን ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። አርጅቷል፤ ሲነሳ እያቃሰተ ነው። ራህማ ገበያ በወጣችበት ቅዳሜ በሩን ቆለፍኩ፣ ኮቴን ለበስኩ፣ ካሜራውን ከፈትኩ።

ሀጂ ሸምሱ የሚሆን ሰው ግን አስፈለገኝ። ከሳሎን ትልቁን ትራስ አምጥቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ኮፍያዬን አውልቄ ደፋሁለት። የወለል መወልወያውን እንጨት እንደ ከዘራ አስደገፍኩት። ከዚያ ዕድሜ ከጠገበ ሰው የተማርኩትን ንግግር ጀመርኩ።

"እንጨት ቢጠፋን ጫካ፣ ውሃ ቢጠፋን ወንዝ እንወርድ ነበር፤ የጠፋን ሴት ልጅ ናትና ከደጅዎ ቆመናል!"

ትራሱ ዝም አለ። ዝምታው ስላልተመቸኝ የሀጂን ድርሻም ራሴው ያዝኩት። ድምፄን ጎርነን አድርጌ "እህም! ቀጥል" እላለሁ፤ ወዲያው ዞሬ ለራሴ እመልሳለሁ። ጎንበስ ብዬ እጅ ስነሳ ትራሱን በግንባሬ ገጭቼ ጣልኩት። ደንግጬ "ውይ! ይቅርታ ሀጂ፣ ጎዳሁዎት?" አልኩና አቧራውን አራግፌ መልሼ አስቀመጥኩት። ካሜራውን ረስቼዋለሁ። እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ "ይሄ ድርቅ ያለ ሰውዬ እንዲህ በቀላሉ እሺ አይልም" ብያለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ አወራሁ፤ ምን ምን እንዳልኩ ግን ሁሉንም አላስታውስም ነበር።

ቀረጻውን ለማየት ስከፍተው የራሴን ድምፅ ሰማሁና አፈርኩ። ገና ከመጀመሪያው ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህም ረሳሁት።

የሽምግልናው ቀን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሀጂ ቤት ሄድን። "ተቀመጡ" ሲባል "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልን። ያቺን ያጠናኋትን ንግግር በአንድ ትንፋሽ አወረድኳት። ሀጂ ከዘራቸውን መታ አደረጉ።

"እህም! ሴት ልጅ ጠፍታባችሁ ከሆነ ፖሊስ ጣቢያው ከታክሲ ፌርማታው ዝቅ ብሎ ነው።"

አብረውኝ የመጡት ሽማግሌዎች ወደ መሬት አቀረቀሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ሀጂ ግን አልሳቁም።

"ልጁን ማን አሳደገው?" አሉኝ።

የምለው ነገር ሞልቶኝ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "እ... እኛ" የሚል ብቻ ነው። ሀጂ ሌላ ነገር እንደማይመጣ ሲያውቁ "እናስብበታለን" አሉና ሻይ እንዲቀርብልን አዘዙ። ቀጠሮ እንኳን አልሰጡንም።

ነቢል ከዚያን ቀን በኋላ ምግብ አስጠላው። "ጋሼ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም" ይለኛል፤ እሱ እንዲህ ባለኝ ቁጥር ግን የባሰ ይከፋኛል። ራህማ እንኳን ልታሾፍብኝ አልደፈረችም። ራህማ ማሾፍ ስታቆም ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ጥቂት ቆይቶ መልእክት መጣ። ሀጂ ልጁ ያደገበትን ቤት ማየት ፈልገው እሑድ ከሰዓት ከባለቤታቸው ጋር እንደሚመጡ ተነገረን። ይህ ደግሞ ደግ ይሁን ክፉ የሚያውቅ ጠፋ። ራህማ ከምንጣፉ እስከ መጋረጃው ሁሉንም አጠበች። ነቢልን፣ ልጁ ራሱ ተቀምጦ መጠበቁ ነውር ነው ብለን አንድ ካፌ ሄዶ እንዲቀመጥ ላክነው። ስልኩን በእጁ እንደያዘ ወጣ።

እሑድ ደረሰ። ሀጂና ሀጃ ዘሀራ ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። ሰላምታው አለቀ፣ ሳምቡሳው ተበላ፣ ሻዩ ተጠጣ። ከዚያ ወሬ ጠፋ። ሀጂ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ከዚያ እኔን ያያሉ። እኔ ስኒዬን አያለሁ።

ራህማ ዝምታ አትችልም። "ሀጂ፣ የነቢልን የምረቃ ቪዲዮ ላሳይዎት?" አለችና ሪሞቱን አነሳች። ተከታታይ ድራማዋን እንድታይ ብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ላይ እንድትከፍት ያስተማራት ነቢል ነው። ወዲያው ነቢል በጥቁር ጋውን ሆኖ ብቅ አለ። ሀጃ ዘሀራ "ማሻአላህ" አሉ። ሀጂም ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ደስ አለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ከትራሱ ጋር የተቀረጽኩት ቪዲዮ የምረቃው ቪዲዮ ካለበት ፎልደር ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ። ቴሌቪዥኑ ደግሞ አንዱ ሲያልቅ ራሱ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ በራህማ ድራማ ምክንያት ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

"ዝጊው" እንዳልል የልጁን ምረቃ እንግዳ ፊት ማስዘጋት ሊሆን ነው። ራህማ ደግሞ ዝም ብላ የምትዘጋ ሴት አይደለችም፤ "ለምን?" ብላ ጮክ ብላ ትጠይቃለች። ፋይሉን ማጥፋት ያንድ አፍታ ሥራ መሰለኝ።

"ስልክ ተደወለልኝ፣ ይቅርታ" ብዬ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባሁ።

ፋይሉን ፈልጌ አገኘሁትና ዲሊት ተጫንኩ። አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ስለተያዘ ሊጠፋ አይችልም ይላል። እሺ ብዬ ዘጋኋትና እንደገና ተጫንኩ። ያችው ሳጥን መጣች። ስሙን ልቀይረው ሞከርኩ፤ አይሆንም አለ። ጎትቼ ሌላ ቦታ ልደብቀው ሞከርኩ፤ አሁንም ተይዟል አለኝ። "በማን ነው የተያዝከው? ቤቱ የኔ፣ ኮምፒውተሩ የኔ፣ ፊቱም የኔ!" እያልኩ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ፈገፈግኩት።

በዚህ መሃል ከሳሎን የሴቶች ሳቅ ተሰማኝ። ራህማ ያቺን የዕድር ታሪኬን ጀመረችላቸው ማለት ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ቢሆንም ሀጃ ዘሀራ እየሳቁ ከሆነ መልካም ነው፣ ትቀጥል አልኩ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

መጨረሻ ላይ ነቢል ጋ ደወልኩ። ስልኩ ገና ሳይጠራ አነሳው።

"ምን አሉ? ጋሼ፣ ምን አሉ?"

"ገና ምንም አላሉም። ስማ፣ አንድ ፋይል አልጠፋም ብሎኛል። በሌላ ፕሮግራም ተይዟል ይላል።"

"አሁን? ሀጂ እኛ ቤት ተቀምጠው አንተ ፋይል ታጠፋለህ?"

"አትጠይቀኝ! እንዴት ነው የሚጠፋው?"

"የተከፈተ ነገር ካለ ዝጋው።"

"ምንም የተከፈተ የለም። ወላሂ፣ ከፊቴ ምንም የለም።"

"እንግዲያው የሆነ ሰው እያየው ነው ማለት ነው" አለ። "ጋሼ... ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ላይ ምን እያዩ ነው?"

ያን ጊዜ ከሳሎን በኩል "ውይ! ይቅርታ ሀጂ፣ ጎዳሁዎት?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ የኔው ነው።

ስልኩን ወረወርኩት። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ የኮምፒውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩ። ኮምፒውተሩ አንዴ አቃሰተና ፀጥ አለ። ሳሎኑም ፀጥ አለ።

ጠረጴዛው ሥር እዚያው ብኖር እመርጥ ነበር። ግን እንግዳ ጥሎ ጠረጴዛ ሥር መቅረት አይቻልም፤ ተነስቼ ወጣሁ።

ምስሉ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀርቷል። አፌን ከፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ኮፍያ ካጠለቀ ትራስ ፊት ቆሜያለሁ። ሀጃ ዘሀራ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ይንቀጠቀጣሉ። ራህማ በሳቅ ያፈሰሰችውን እንባ ትጠርጋለች፤ እኔን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠች። ሀጂ ሸምሱ አይስቁም። ዓይናቸው ከቴሌቪዥኑ ላይ አልተነሳም።

ከዘራቸውን መታ አደረጉ። "እህም! ማን አቋረጠው?"

"መ... መብራት ሄዶ ነው፣ ሀጂ።"

"መብራትማ አለ። ይኸው ቴሌቪዥኑ በርቷል።"

"ሀጂ፣ አፉ ይበሉኝ። ልለማመድ ብዬ ነው እንጂ በእርስዎ ልቀልድ አስቤ..."

"ልጁን ማን አሳደገው ብዬ ጠይቄህ ነበር" አሉ በከዘራቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ትራስ እየጠቆሙ። "ያ እኔ ነኝ አይደል? እሱም በአንተው ድምፅ ያንኑ ጠየቀህ። መልሱን ልትነግረኝ አፍህን ስትከፍት ተቋረጠ። ክፈተው።"

ሄጄ ገመዱን መልሼ ሰካሁት። ያ ኮምፒውተር እስኪነሳ ድረስ ያለፈውን ጊዜ ለጠላቴም አልመኝም። አራታችን ሳሎን ተቀምጠን ሲያቃስት እንሰማዋለን። ነቢል ይደውላል፣ እዘጋበታለሁ፤ ይደውላል፣ እዘጋበታለሁ። ሀጂ አንዴ ብቻ "እሱም እንደኔ ጉልበቱን ያመዋል" አሉ።

ራህማ ቪዲዮውን ከተቋረጠበት ቀጠለችው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰውዬ ወንበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ወደ ትራሱ ቀና ብሎ እንዲህ አለ፦

"ወላሂ ሀጂ፣ ማን እንዳሳደገው እኔም አላውቅም። ወንድሜ ሲሞት ልጁን አቅፌ ቤት አመጣሁት። ልጅ ይዤ አላውቅም ነበር። ጫማውን እንኳን ግራና ቀኙን አዛብቼ ነበር የማደርግለት። አባቱን ፈልጎ ሲያለቅስ ማባበል ሲያቅተኝ አብሬው አለቅሳለሁ። አንድ ቀን በዚያች ትንሽ እጁ እንባዬን ጠረገና 'ጋሼ አታልቅስ፣ እኔ አለሁልህ' አለኝ። የወንድሜን ሞት የቻልኩት በእሱ ነው። ሰው ሁሉ አሳደግከው ይለኛል። ሀጂ፣ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው። ብዙ ሀብት የለውም። ግን ቤት ውስጥ የሚያለቅስ ሰው እያለ ጥሎ የሚወጣ ልጅ አይደለም። ሰሚራን አደራ ቢሰጡት አያፍሩበትም።"

ከዚያ ሰውዬው ተነሳ፣ ኮፍያውን ከትራሱ ላይ አንስቶ አጠለቀ፣ ወደ ካሜራው መጣና አንድ ዓይኑ ብቻ እስኪታይ ድረስ ተጠጋ። "ይሄ ነገር ደግሞ እንዴት ነው የሚጠፋው?" አለ። ቪዲዮው በዚህ አለቀ።

ራህማ በቀስታ ሪሞቱን አስቀመጠች። "አታልቅስ" ያለኝን ለእሷም ነግሬያት አላውቅም ነበር። ሀጃ ዘሀራ በዚያው ሻርፕ አሁን ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

"ቤቴ የመጣህ ቀን ይህን ለምን አልነገርከኝም?" አሉ ሀጂ።

"ፈራሁ፣ ሀጂ።"

"ትራሱንስ አልፈራኸው።"

"ትራሱ እንደ እርስዎ አያይም።"

ሀጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው እንደ ሳል ነው የሚጀምረው። "ያን ቀን ግጥም ስታነበንብብኝ፣ ይሄ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው አልኩ። ስለ ልጁ ስጠይቅህ ደግሞ አንዲት ቃል ተናግረህ ዝም አልክ። ክፉ ነገር ቢኖር ነው ብዬ ነው ቤታችሁን ላይ የመጣሁት።" ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። "ሽማግሌዎችህን ይዘህ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ና። ያንን የእንጨትና የውሃ ነገር ግን እዚሁ ትተኸው ና።"

በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "እኔ ግን ስናገር እንደዚያ ነው እንዴ የምሆነው?"

"ከዚያም ይብስብዎታል" አሉ ሀጃ ዘሀራ።

እነሱን ሸኝቼ ነቢል ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ጠፋ?"

"አልጠፋም።"

"ያ ረቢ! አለቀልን በለኛ።"

"አላለቀልንም። ጁምዓ ቀጥረውናል" አልኩት። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለኝ አልሰማሁም፤ ካፌው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው ድረስ እንደጮኸ በኋላ ነው የነገረኝ።

ጁምዓ ሄድን። እኔ ብዙም አልተናገርኩም፤ ሀጂም ብዙ አልጠየቁኝም። ኒካሁም በሰላም ታሰረ። ነቢልና ሰሚራ አሁን አስኮ ይኖራሉ። ሀጂ ሸምሱ ቪዲዮው በስልካቸው እንዲላክላቸው ጠይቀው ወስደዋል። ሱቃቸው ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ያሳዩታል መባሉን ሰምቼ አንድ ሰሞን በዓለም ባንክ በኩል ማለፍ ትቼ ነበር።

የተያዘ ፋይል እንዴት እንደሚጠፋ ነቢል ከዚያ በኋላ አስተምሮኛል፤ አሁን የሚከለክለኝ የለም። ግን አላጠፋሁትም። እንግዳ መጥቶ ራህማ ሪሞቱን ስታነሳ ፊቴ ይግላል፤ ውሃ ልጠጣ ብዬ እወጣለሁ። ሳቁ እስኪያልፍ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። የወንድሜ ነገር ላይ ሲደርስ ግን ወደ በሩ ጠጋ ብዬ አዳምጣለሁ። እኔ ሰው ፊት ልናገረው ያልቻልኩትን ያ ሰውዬ አንዲት ቃል ሳይሳሳት ይናገርልኛል። አፍርበታለሁ፤ ግን ያን ዕለት ባጠፋው ኖሮ ምን ያህል እቆጭ እንደነበር ሳስብ፣ እንኳንም እንቢ አለኝ እላለሁ።